ነሐሴ ሠላሳ ሦስት

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለቴዎድሮስ ይሄይስ፤

እንደምን አለህ? የላክልኝን ወረቀት ከመነኻሪያው ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «ተቆጣሽ እንዴ?» ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። «ልለፈው ወይስ ልመልስ?» ላልከውም፣ መልስ።

ቬላን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ባለቤት የሌለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው አልከኝ፤ በዓለም ዙሪያ ድረ ገጽ የሚሠራበት፣ ማንም አንብቦ ማንም የሚያሻሽለው። አንድ ሰው ብቻውን አይወስንም፣ በኢሜይል ተከራክረው ድምፅ ይሰጣሉ አልከኝ። አምኜህ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ጻፍኩላቸው። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ክሊኒኩ ሥራ ሲያልቅ እየቆየሁ፣ መብራት ሲጠፋ በወረቀት ላይ እየጻፍኩ። አንተ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ስላለህ ኮዱን ታደርስልኛለህ፣ የሚሉትን አትመህ ትልክልኛለህ። በዚህ ተስማምተን ነው የጀመርነው።

አሁን የቀንና የሰዓቱን ክፍል የሚመራው ያ ሄንሪክ የሚሉት ሰውዬ ምን ይላል? ዓመት ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አይኑረው ይላል። ፕሮግራሙ ውስጥ የተዘጋጀው ቦታ አሥራ ሁለት ስለሆነ ብቻ። ጳጉሜስ ሲባል፣ ነሐሴ ላይ ትቀጠል፤ ነሐሴ ሠላሳ አምስት ቀን ይኑረው። ግብፆቹም አሥራ ሦስተኛ ወር አላቸው፤ እነሱን ጠየቃቸው? አልጠየቀም። እኔንም የጠየቀኝ ወስኖ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ክሊኒካችን ውስጥ የማደርገውን ታውቃለህ። የወለደች እናት ለልጇ ክትባት የምትመለስበትን ቀን የሚያትመውን ፕሮግራም በቬላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከቋሪት፣ ከደምበጫ ገጠር በእግሯ የመጣች ሴት ያችን ቁራጭ ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትሄደው። ጳጉሜ ለእሷ የክት ወር ናት፤ በጸበሏ፣ በሩፋኤሏ ታውቃታለች። ነሐሴ ሠላሳ ሦስት ብንላት የት አግኝታ ትመጣለች?

ስለዚህ እንዲህ በልልኝ። እንግሊዝኛዬ ለኮድ እንጂ ለጠብ አይበቃም፤ አንተ ተርጉመው፣ ግን አታሳንሰው። «ሄንሪክ፣ ሐሳብህ ስንፍና ነው። የራስህ ሥራ እንዲቀልልህ የሰውን ወር አትሰርዝም። አልስማማም። ጳጉሜ ከወጣች የጻፍኩት ሁሉ ይውጣ፤ ስሜም አብሮ ይውጣ።» ይኸው ነው። «ውድ» ምናምን አትበለው።

አምለሰት


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 17 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለአምለሰት፤

እንዴት ሰንብተሻል? ክረምቱ እንዴት ገባላችሁ? የእናትሽ ወገብስ? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው በቆሎ ዘንድሮ ከወዲሁ ጉልበት ደርሷል ብሎ አንድ ሾፌር ሲነግረኝ አገሬን ያየሁ መሰለኝ። እኔ እዚህ ደህና ነኝ፤ ጭቃውና ታክሲው እንደነበረ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ሥራው በዝቶብን ምሳ እንኳን በሰዓቱ የለም። መልስ ለማዘግየቴ ይቅርታ የምጠይቅሽ ለዚህ ነው።

መልእክትሽን አድርሻለሁ። በአቀራረብሽ ሁሉም በጣም ተደስተዋል። ሄንሪክ በተለይ። ሄንሪክ እኮ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቋንቋው ሲጀመር ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ትልቅ ሰው የተናገረውን ነገር ወዲያው መቀማት አይገባም፤ ትንሽ ጊዜ ከተሰጣቸው ራሳቸው ይመለሱበታል። እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

ስለ ድምፅ አሰጣጡ በስልክ የጠየቅሽኝ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ እሱ አንቺን አያሳስብሽ። ለእኔም አንድ ደስ የሚል ነገር ሊሆን ይመስላል። ሲረጋገጥ እነግርሻለሁ።

እናትሽን፣ የቤቱን ሰው ሁሉ፣ አባቴንም ካገኘሽው ሰላም በይልኝ። ወደ ሰፈሩ ወደ ገበዝ ማርያም የሚሄድ ሰው ስታገኚ «ልጅህ ደህና ነው በለው» ብቻ ብለሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ቴዎድሮስ


ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ቴዎድሮስ፤

በቆሎው ደህና ነው። የእናቴም ወገብ ደህና ነው። አሁን ደግሞ አንተ የእኔን መልስ።

«በአቀራረብሽ ተደስተዋል» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ማንንም ለማስደሰት አልጻፍኩም። ሐሳብህ ስንፍና ነው የተባለ ሰው እንዴት ደስ ይለዋል? ወይ ሰውየው ጤና የለውም፣ ወይ አንተ ያልኩትን አላልክም። የጻፍከውን እንግሊዝኛውን አትመህ ላክልኝ። በስልክ አትንገረኝ። በስልክ ስታወራ ትስቃለህ፤ ሳቅህን ስሰማ የምጠይቅህ ይጠፋኛል።

ስለ ጳጉሜ ድምፅ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? አዎ ወይም አይደለም በለኝ።

የአዲሱ ቬላ የሙከራ ቅጂ መውጣቱን ሰምቻለሁ። የእኔ ኮድ ከገባበት በፍላሽ ላክልኝ። ይህን ስጠይቅህ ተናድጄም ቢሆን ደስ እያለኝ ነው፤ አልደብቅህም። ከቡሬ ወዲህ ይሁን ከቡሬ ወዲያ ማንም የማያውቀው ሰው ሆኜ ስሜ እዚያ ውስጥ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

አምለሰት


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአምለሰት፤

እንኳን ደስ ያለሽ። ኮድሽ ገብቷል። ፍላሹ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው፤ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ፣ ስትፈቺው ቀስ በይ። ስምሽ ቋንቋውን ከሠሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ አለ። ሳየው እንባዬ መጣ። ከእኛ ሰፈር ተነስቶ እዚያ የደረሰ ሰው አላውቅም።

አንዳንድ ትንንሽ ማስተካከያ ተደርጎበታል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ማስተካከያ አያጣውም። የጻፍኩትን አትመህ ላክ ያልሽውን የማተሚያችን ቀለም ስላለቀ ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። አዎ ወይም አይደለም ያልሽውም በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፤ ነገሩ ገና ብዙ መንገድ አለው።

በዚህ ክረምት ብርድ እንዳይመታሽ። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችውን ነርስ እህተ ማርያምን ሰላም በያት።

ቴዎድሮስ


ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 23 ቀን 2002 ዓ.ም.

ቴዎድሮስ፤

ሰላምታ የለኝም። ከፈለግህ ራስህ ጨምርበት፤ መጨመር ታውቅበታለህ።

ትናንት ገበያ ነበር። ንግሥቴ የምትባል ሴት ልጇን አዝላ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። ሐምሌ 18 እኛ ዘንድ የወለደች ናት። ልጁ ክርስትና ሊነሳ ነው፤ በአርባ አምስት ቀኑ ደግሞ ለመጀመሪያ ክትባቱ ጳጉሜ 3 መምጣት አለባት። ወረቀቷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቆማ ተናገረችኝ። ያለችውን ሳላጎድል እጽፍልሃለሁ፤ አንተ እንዲህ ማድረግ ስለማትችል እያት።

«አንች ልጅ፣ ወረቀቱን የደብራችን መሪጌታ አነበቡልኝ። ሠላሳ ዓመት ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ነሐሴ ሠላሳ ሦስት የሚባል ቀን አላየሁም አሉ። ልጄን የሌለ ቀን ነው የቀጠራችሁት? እንድመጣ ካልፈለጋችሁ አትምጭ በሉኝ፤ ሦስት ሰዓት መንገድ በጭቃ አታስለፉኝ።»

ምን ልበላት? ወረቀቱን አየሁት። ነሐሴ 33 ይላል። ከሥሩ የክሊኒኩ ማኅተም አለበት። እህተ ማርያምን ስጠይቃት «ኮምፒዩተሩ ያውቃል ብዬ ነው ቆርጬ የሰጠኋቸው» አለችኝ። የሰጠኋቸው አለች፣ የሰጠኋት አይደለም። አዲሱን ቅጂ ከጫንኩ ወዲህ ቀጠሯቸው ጳጉሜ ላይ የዋለ አሥራ አንድ እናቶች አሉ። አንዷ መሪጌታ ጠይቃ መጣች። አሥሩ የት ናቸው? ስልክ ያላቸው ሁለት ናቸው።

የሙከራ ቅጂ ክሊኒኩ ማሽን ላይ መጫን አልነበረብኝም። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ ስሜን ለማየት ቸኩዬ ነው፤ አንገቴን አስደፍቶኛል። ግን «ትንንሽ ማስተካከያ» ብለህ የላክልኝ አንተ ነህ። ወር ነው ያስወጣኸው።

ከዚያ በዚህ ክረምት መነኻሪያው ፊት ለፊት የተከፈተው የሙንዲር ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። መስመሩ በየአሥር ደቂቃው ይቋረጣል፤ ሙንዲር ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ተነሺ አላለኝም። ውይይቱን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። በእኔ ስም የተጻፈውን አገኘሁት። «የተከበሩ ሄንሪክ፣ ስለ ጥልቅ አስተያየትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የእርስዎ ልምድ ለእኛ ለጀማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው። አሥራ ሦስተኛው ወር በእኛ ዘንድ የተወደደ ቢሆንም ጉባኤው የሚወስነውን በደስታ እቀበላለሁ።» ከሥሩ አምለሰት ይላል።

ከዚያ በታች ድምፅ ተቆጥሯል። ስድስት ለአምስት። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። የማላውቃቸው አምስት ሰዎች፣ አንዱ ከብራዚል፣ አንዱ ከግብፅ፣ ለጳጉሜ ቆመው ተከራክረዋል። እኔ ነኝ ያሸነፍኳቸው።

እዚህ በቀበሌ ስብሰባ «ተቃውሞ አለ?» ሲባል መሬት መሬቱን ማየት ለምጃለሁ። ቬላን የወደድኩት አንድ ቦታ እንኳን እጄን አውጥቼ አይሆንም ማለት እችላለሁ ብዬ ነበር። እዚያም አንተ እጄን ይዘህ አወጣኸው።

ድምፁ የተሰጠው ሰኔ 15 ነው። «ገና ብዙ መንገድ አለው» ብለህ የጻፍክልኝ ሐምሌ 6 ነው። ለምን?

አምለሰት


አዲስ አበባ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

አምለሰት፤

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ብዬ ብጀምር ነገሩን ለማቅለል እንዳይመስልብሽ ፈራሁ፣ ግን ይቅርታ።

አባቴን ታውቂዋለሽ። ከገበዝ ማርያም እስከ ቋሪት ዳርቻ ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ተከትዬው እሄድ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው አንደኛው «እገድለዋለሁ በሉት» ብሎ ሲልክ፣ አባቴ ሌላኛው ቤት ገብቶ «ወንድምህ ልቡ አዝኗል» ይላል። ውሸት አይባልም ይሄ። በዚህ ነው ሰው የሚተርፈው። እኔም ያንቺን ቁጣ ይዤ እንደዚያው ነው የሄድኩት። «ስንፍና ነው» ብዬ ብጽፍ በሩን ይዘጉብናል ብዬ ሰጋሁ።

«ጉባኤው የሚወስነውን እቀበላለሁ» ያልኩት መግቢያ ነበር። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲባል፣ «አይ፣ ያንቺስ ሐሳብ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። ሲጠይቅ የኔን ጉዳይ፣ ያንቺን ማለቴ ነው፣ ቀስ ብዬ አቀርባለሁ ብዬ። አልጠየቀም። በማግስቱ «የኮዱ ጸሐፊ ተስማምታለች» ብሎ ስምሽን ከአዎዎቹ ጋር አሰፈረው።

ለምን አላረምኩም ላልሽው፣ ትልቅ ሰውን በአደባባይ ተሳስተዋል ማለት ከበደኝ። ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ።

እባክሽ እንዲህ ሆነን አንቅር። ካልከፋሽ አባቴን ከሁለት ሰው ጋር እልክብሻለሁ፤ እነሱ ፊት የምትይኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ቴዎድሮስ


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 7 ቀን 2003 ዓ.ም.

ቴዎድሮስ፤

ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። ሽማግሌው ጋ ራሴ ሄጃለሁ።

ከጳጉሜ 1 ጀምሮ ፈቃድ ወስጄ እናቶቹን ስፈልግ ነበር። በፈረስ ጋሪ እስከሚያስኬደው፣ ከዚያ በእግሬ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል፤ የሆነ ማሳ አጠገብ አለ። እንቁጣጣሽ ስታልፍ ንግሥቴንና በስልክ ያገኘኋቸውን ሁለቱን ጨምሮ አሥሩን አግኝቻለሁ። ሦስቱ «ወረቀቱ ቢሳሳት ነው» ብለው ቀኑን በግምት ቆጥረው መጥተው ነበር። አራቱ «ቀን የሌለው ቀጠሮ እምቢታ ነው» ብለው ትተውት ነበር። ከእነሱ አንዷ እኔን ስታይ አልቅሳ ነው የተቀበለችኝ፤ ልጇ በሽታ ኖሮበት፣ ያንን ደብቀን ክሊኒኩ እንዳታመጣው ያደረግን መስሏት ነበር። አሥራ አንደኛዋን አላገኘኋትም።

በመንገዴ ገበዝ ማርያም ገባሁ። አባትህ ጋሼ ይሄይስ ደጃፋቸው ተቀምጠው ገመድ እየገመዱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቬላ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የቤተ ክርስቲያኑን መጽሐፍ ማንም እየመጣ የሚያርመው አድርገው ያስቡት አልኳቸው፣ ደነገጡ። ያንተን ደብዳቤም አነበብኩላቸው። ገመዱን አስቀመጡት።

«እኔ ቃል አለስልሼ ስወስድ ሰሚው እንዳለሰለስኩት ያውቃል» አሉኝ። «ወንድምህ አዝኗል ስለው፣ ሊገድልህ ዝቷል ማለት መሆኑ አይጠፋውም። በሩን ቆልፎ ነው የሚያድር። ለዚያ ፈረንጅ ይህን የነገረው ሰው አለ ወይ?»

የለም አልኳቸው።

«እንግዲያ ልጄ አላስታረቀም። አንችን ሸጦሽ ነው የመጣ።» ደግሞ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ሽማግሌ ከአንዱ ወገን አንዳች ከተቀበለ ሽማግሌነቱ ቀረ። ልጄ ከዚያ ሰውዬ የተቀበለው ነገር አለ?»

አላውቅም አልኳቸው። አላውቅም። ሰኔ ላይ «ለእኔም ደስ የሚል ነገር» ብለህ የጻፍካትን መስመር ግን ከዚያ ወዲህ መቶ ጊዜ አንብቤያታለሁ። አለ ወይ?

ይቅርታህን አልፈልገውም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሰኔ 4ን እና የነሐሴ 23ን ደብዳቤዎቼን ቃል በቃል ተርጉመህ እዚያ ለጥፍልኝ። ስንፍና ያልኩትን ስንፍና በል። አንተን የሰደብኩበትንም አትዝለል። ካቃተህ ንገረኝ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሙንዲር ጋ እቀመጣለሁ።

አምለሰት


አዲስ አበባ፣ መስከረም 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

አምለሰት፤

አዎ፣ አለ።

ቬላ ውስጥ ማንንም ሳይጠይቁ ኮድ የሚያስገቡበት መብት አለ፤ ቁልፍ ይሉታል። በዓለም ላይ ያላቸው ሃያ ስድስት ሰዎች ናቸው። አራት ዓመት ተመኝቼዋለሁ። ሰኔ ላይ ሄንሪክ ለዚያ አጨኝ። ድምፅሽ በስህተት እንደተቆጠረ ባየሁበት ሳምንት ነው። ባርመው እጩነቴ ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ። ትልቅ ሰው ማክበር ያልኩሽ ግማሹ ይህ ነው። ሐምሌ ላይ ሰጡኝ። አባቴ ይህን ማንም ሳይነግረው ማወቁ አሳፍሮኛል።

ሁለቱንም ደብዳቤ ለጥፌያለሁ። ቃል በቃል። ከላይ «ሰኔ ላይ በአምለሰት ስም የተጻፈው የእኔ ነው፤ አዎ ያለችው እሷ አይደለችም፤ ይህንንም ሦስት ወር ሙሉ አውቄ ደብቄያለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

መልሳቸውን ሳልቀባባ እነግርሻለሁ። አንዱ ጸያፍ ጸሐፊ ናት አለሽ። አንዱ የሙከራ ቅጂ ሕክምና ቤት የጫነ ሰው ማንንም መውቀስ አይችልም አለ። ግብፃዊው ልጅ የንግሥቴን ንግግር ብቻውን ነጥሎ እንደገና ለጠፈው፣ ምንም አልጨመረበትም። በሦስተኛው ቀን ሄንሪክ መጣ። እንዲህ ይላል፤ «ትርፍ ቀናት መስለውኝ ነበር። ይህ ወር ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄ ከኮዱ ጸሐፊ ያገኘሁት ምስጋና ብቻ ነው። ልጇን ያዘለችው እናት በስድስት መስመር የነገረችኝን ማንም አልነገረኝም። አምለሰት ስንፍና ነው ማለቷ ልክ ነው። ድምፁ ይሰረዝ፤ እንደገና እንምረጥ። ግን በዚህ ጊዜ ራሷ ትምጣ።»

ራስሽ ነው ያለው። ከጥቅምት 8 እስከ 12 ክፍት ነው። እንግሊዝኛሽ ይበቃል። ለጠብም ይበቃል።

የእኔ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። እሱን አታስቢው።

ቴዎድሮስ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለቴዎድሮስ፤

ስለ ድምፁ ከእኔ በፊት አንብበኸው ይሆናል፤ ቢሆንም ልንገርህ። ጥቅምት 9 ሙንዲር ጋ ገባሁ። አሥራ ሁለት መስመር ለመጻፍ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ምሳ ተቀመጥኩ። መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩት። እንግሊዝኛው የሚያስቅ ነው፣ ግን አልሳቁም። ጳጉሜ የራሷ ወር ሆና ትግባ፣ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ሊኖረው ይችላል ተብሎ በቋንቋው ሕግ ላይ ይጻፍ አልኩ። አሥር ለአንድ አለፈ። ማስተካከያውን ሄንሪክ ራሱ ጻፈው። እኔ አንብቤ አንድ ቦታ ስህተት አገኘሁበት፤ ነገርኩት፣ አረመው። ላመሰግነው እንኳን አልቸኮልኩም። ከዚያ ከኢንተርኔት ቤቱ ወጥቼ ባጃጆቹ መሐል ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ። የአንተ ነው።

አሠራራቸውን ሳትነግረኝ ቀረህ። በሰው ስም ጽፎ ድምፁን ያስቆጠረ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ድምፁ የተወሰደበት ሰው ነው። «ይቅር ካልሽው በማስጠንቀቂያ እናልፈዋለን፤ ካላልሽው ቁልፉን እንወስዳለን፣ ወደ ውይይቱም አይመለስም» ብለው ጻፉልኝ። ሁሉም እጁን አጣጥፎ የእኔን ቃል ይጠብቅ ነበር። አንተ ይህን ታውቅ ነበር። «እሱን አታስቢው» አልከኝ። እንዳልጨነቅ ብለህ ነው፤ ይገባኛል። ግን ቴዎድሮስ፣ አሁንም ማሰብ ያለብኝንና የሌለብኝን የመረጥክልኝ አንተ ነህ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። አራት ዓመት መመኘትህን አሰብኩ። መጀመሪያ ፊደል ያስቆጠርከኝ፣ ኮምፒዩተር ያስነካኸኝ አንተ መሆንህን አሰብኩ። ያን ሁሉ ራስህ ማመንህን አሰብኩ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይክድ ነበር። ከዚያ አሥራ አንደኛዋን አሰብኩ። ባለፈው ሳምንት ቀበሌዋ ድረስ ሄጄ ነበር። ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤቶቿ «ልጇን ይዛ ለአጨዳ ቆላ ወርዳለች፣ መቼ እንደምትመለስ አልነገረችንም» አሉኝ። ልጁ ሦስት ወሩ ነው፤ አንድም ክትባት አላገኘም። ቆላ ደግሞ ትክትክ ገብቷል ይላሉ። እስካሁን እየፈለግኋት ነው። ካገኘኋትም በኋላ ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

«ይቅር አልልም። ቁልፉን ውሰዱበት» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ በራሴ ስም። ዛሬ ወስደውብሃል።

ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው። ደስ አላለኝም፤ ግን አልተጸጸትኩም። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ለገና ና። ጋሼ ይሄይስ ዘንድ አብረን እንውላለን፤ እሳቸውንም ናፍቀሃቸዋል፣ እኔንም። ከመነኻሪያው መጥቼ እቀበልሃለሁ፤ ትቆጣኝ እንደሆነ እዚያው ተቆጣኝ፣ ቆሜ እሰማሃለሁ። የአክስቴ ልጅ ነህ፤ ይህን ማንም ድምፅ ሰጥቶ አይሽረውም።

ስለ እኔ ግን ከእንግዲህ ለማንም ምንም እንዳትናገር። እኔ ራሴ አለሁ።

አምለሰት